ሥር የሌላት ግራር



በዚህ ገጽ ላይ ስለ ወጥ አሠራር፣ ስለ ሕፃናት ክትባትና ስለ ደመወዝ አያያዝ ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ልናጫውታችሁ የተነሣነው ስለ አንድ የግድግዳ ሥዕል ነው። ሥዕሉ የተገዛው ከሞያሌ፣ ከኬንያው ወገን ሲሆን፣ በቤታችን ከተሰቀለበት ቀን አንሥቶ ለአምስት ሳምንት ያህል አኳርፎናል። ይህን ጽሑፍ ባልና ሚስት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ያዘጋጀነው ስለሆነ «እኛ» ስንል ሁለታችንንም ማለታችን ነው። ያልተስማማንበትንም ሳንደብቅ ጽፈነዋል።

ከተጋባን 17 ዓመት ሆነን። በዚህ ጊዜ ውስጥ በስድስት የጦር ሰፈሮች ኖረናል። የወታደር ሚስት የሆናችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ የዝውውር ትእዛዝ ሲመጣ መኪና ላይ የሚጫነው ነገር የተወሰነ ነው፤ አልጋ፣ ሣጥን፣ ምጣድ፣ ረከቦትና ልጅ። ዛፍ አይጫንም። ከሁለታችን እናት የሆነችው ግን በደረስንበት ሁሉ ዛፍ የመትከል አመል ነበራት። በመጀመሪያው ሰፈር ኮክ፣ በሁለተኛው ዝግባ፣ በቆላው ሰፈር ደግሞ ኒምና ፓፓያ ተክላለች። ከእነዚህ መካከል ፍሬውን የቀመስነው የፓፓያውን ብቻ ነው፤ እርሱ ፈጥኖ ያፈራልና። ከዓመታት በኋላ በሁለተኛው ሰፈር በኩል ስናልፍ፣ ሹፌሩን ለምነን ዝግባውን ለማየት ወረድን። የተረፈው ጉቶ ነበር። በጉቶው ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተቀምጦበታል። የቆረጡትን ሰዎች አንወቅስም፤ ማገዶ በጠፋ ጊዜ ሰው የሚያደርገውን እኛም እናውቃለን። ሆኖም እናት ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ዛፍ አልተከለችም።

ሞያሌ፣ ያላያችኋት ካላችሁ፣ በሁለት አገር የተከፈለች አንዲት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ያላት ርቀት ተቀራራቢ ነው። በወዲህም በወዲያም ወገን ቦረንኛ ይነገራል፤ አማርኛው ሲሻገር ከኪስዋሂሊው ጋር ይገናኛል፤ ብርና ሺሊንግ በአንድ መቀነት ይቋጠራሉ። የኢሲዮሎና የሞያሌ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ዓመታት አስፋልት ከለበሰ፣ የሁለቱ አገሮች የጋራ ኬላም በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ከናይሮቢ የሚመጣው ዕቃ ዓይነቱ በዝቷል። ከሁለታችን ወታደሩ ድንበሩን አይሻገርም፤ ምክንያቱን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የተሻገሩት እናትና የ14 ዓመቷ ልጃችን ናቸው። የሄዱትም ደብተርና ጫማ እንዲሁም ለትምህርት ቤት ልብስ የሚሆን ጨርቅ ለመግዛት ነበር።

የገቡበት ሱቅ ምንጣፍና መጋረጃ የሚሸጥበት ነው። በግድግዳው ላይ በእንጨት ክፈፍ የተወጠሩ ሸራዎች ተደርድረዋል፤ አንበሳ፣ የዝሆን መንጋ፣ ፀሐይ የምትጠልቅበት ባሕር፣ ካዕባና የመጨረሻው እራት። ከሁሉም ወደ ጥጉ፣ ከጥቁርና ከነጭ በቀር ሌላ ቀለም የሌላት አንዲት ግራር ነበረች። አናቷ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ግንዷ ወደ ግራ ዘመም ያለ ነው። ቅርንጫፎቿ በስለት የተፈለጡ የሚመስሉ ሹል መስመሮች ናቸው። ከግንዷ መካከል፣ እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚታየው ያለ ቀጭን ነጭ መስመር ያልፋል። ከግንዷ በታች መሬት የለም፤ ሣር የለም፤ ሥርም የለም። እናት በፊቷ ለብዙ ጊዜ ቆመች። ሻጩም «ይህ በእንጨት ላይ በእጅ ተቀርጾ የታተመ ነው፤ ሁለተኛ የለውም» አላት። የጫማውና የጨርቁ ገንዘብ ለሥዕሉ ዋለ። ደብተሩ ብቻ ተገዛ።

ከዚያ ምሽት በኋላ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ አያምርም። አባት ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። እናትም «ይህችን ማንም አይቆርጣትም፤ መኪና ላይም ትጫናለች» ብላ አንድ ጊዜ መለሰች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አልተናገረችም። ልጃችን ተረከዙ በተበላ ጫማ ትምህርት ጀመረች።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠራን። ገና ከደጃፉ ስንገባ በግድግዳው ላይ ያችው ግራር ተሰቅላለች። ያው ዘመም ያለ ግንድ፣ ያው ነጭ ስንጥቅ፣ ያው ሥር አልባነት። ልዩነቱ የእኛይቱ አንድ ክንድ ተኩል ስትሆን የእነርሱ ሦስት ክንድ ገደማ መሆኗ ነው። አባት ወደ ቤት የተመለሰው ምሽግ እንደ ያዘ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነበር፤ ይህን ዓረፍተ ነገር እርሱ ራሱ እንዲጻፍ ፈቅዷል። እናት ግን ሥዕሉን አላወረደችም። «ስንጥቋ አንድ ስለሆነ ተታለልን ማለት ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለሚያውቅ ሰው ለማቅረብ ወሰንን።

የሚያውቁ ሰው አልጠፉም። በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ከጡረታ በኋላ የሱቅ ሰሌዳ እየጻፉ የሚኖሩ አንድ አዛውንት በአካባቢያችን አሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። ጋዜጣ የሚያነቡበትን ማጉያ መስተዋት ይዘው መጡና ሸራውን አይተው ሳቁ።

«ስንጥቁ አንድ መሆኑ ምንም አያስረዳም» አሉ። «የእንጨት ቅርጽ ሥዕል ማለት ዱሮውንም ቢሆን ብዙ ቅጂ ለማውጣት የተፈጠረ ነው። አንዱ ሳንቃ ብዙ ይወልዳል፤ ሁሉም የእናታቸውን ጠባሳ ይዘው ይወጣሉ። ያጋለጠው መጠኑ ነው። ሳንቃ አያድግም!»

አሠራሩን ያስረዱን ለወታደር በሚገባ ምሳሌ ነው። የክፍሉ ጸሐፊ ደብዳቤ ላይ የሚያሳርፈውን ማኅተም አስቡ። ፊደሉ ከማኅተሙ ላይ ተገልብጦ ተቀርጿል፤ ቀለም የሚነካው ከፍ ብሎ የቀረው ብቻ ነው፤ ጎድጎድ ያለው በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእንጨት ቅርጽም እንዲሁ ነው። ሠዓሊው ሳንቃ ይልጋል፤ ሥዕሉን ይነድፍበታል፤ ከዚያም ጥቁር እንዲሆን የሚፈልገውን እየተወ ሌላውን በመሮና በስለት ቆፍሮ ያወጣል። ስለዚህ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ለማተም ግራና ቀኟን በጥንቃቄ ፈልጦ ማንሣት ያስፈልጋል። እጅ አንድ ጊዜ ከሳተ ቅርንጫፏ ተሰበረች ማለት ነው፤ በላጲስ አትመለስም። የእንጨቱ ጅማትም የራሱ ፈቃድ አለው፤ ስለቱን ወደሚሄድበት ይስበዋል። ለዚህ ነው በእንጨት የተቀረጸ ዛፍ በእርሳስ ከተነደፈው ይልቅ ዛፍ የሚመስለው፤ ግማሹን የሠራው ዛፉ ራሱ ነው።

ይህ ሁሉ ግንዱ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ለሚወጣው ሳንቃ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ቢዊክ (እ.ኤ.አ. 1753–1828) ደግሞ ጠንካራ እንጨት በአግድሙ ተቆርጦ በሚገኘው ፊት ላይ በቀጭን መቅረጫ እየሠራ፣ የወፍ ላባ ሳይቀር የሚለይበት ጥራት ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ ይህን ሲነግሩን ዓይናቸው በራ፤ እኛ ግን ወደ ራሳችን ሸራ እንዲመለሱ ቸኩለን ነበር።

ተመለሱም። ማጉያውን ከግራሯ ግንድ ላይ አድርገው በየተራ አሳዩን። ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው ከቅርብ ሲታይ የደቃቅ ነጠብጣብ ስብስብ ነው፤ በመካከሉ ሰማያዊና ቀይ ሳይቀር አለ። ይህ ከማተሚያ መሣሪያ የተረጨ ቀለም ነው። በሳንቃ የታተመ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ወጥ ይሆናል፤ በመስመሩ ጠርዝ ላይም ተጨፍልቆ ወፈር ይላል፤ ወረቀቱም በጀርባው ቢዳሰስ አንዳንድ ጊዜ ጎድጎድ ማለቱ ይታወቃል። ደግሞም እንዲህ ያለው ሥዕል በአብዛኛው በወረቀት ላይ ይታተማል እንጂ በሻካራ ሸራ ላይ አይደለም። ሠዓሊውም ከሥዕሉ በታች በእርሳስ ቁጥር ጽፎ ይፈርማል፤ 3/20 የሚል ብታዩ፣ ከሃያ ቅጂዎች ሦስተኛው ማለት ነው። በእኛ ሸራ ላይ ፊርማ የለም። ሥዕሉም የክፈፉን ጎን ተጠቅልሎ ወደ ኋላ ይዘልቃል። አንድ ሰው፣ የት አገር እንደሆነ የማናውቀው፣ በአንድ ወቅት እውነተኛ ሳንቃ ቀርጿል፤ የእርሱ ወረቀት በመሣሪያ ተነሥቶ፣ እንደ ገዢው ፍላጎት ተለጥጦ ወይም ጠብቦ፣ በሸራ ላይ ተረጭቷል። ስሙ በመንገድ ቀርቷል።

አባት በዚህ ጊዜ «እንግዲህ ሐሰት ነው» አለ። ጋሼ ግን አልተቀበሉትም። ልጃችን ስልኳን እንድትከፍት አዘው የጃፓኑን የሂሮሺጌን ሥዕል አስፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1857 የታተመ የእንጨት ቅርጽ ነው። ከፊት ለፊት የአንድ ፕለም ዛፍ ጠማማ ግንድ ሥዕሉን አቋርጦ ይታያል፤ ከቅርንጫፎቹ በስተጀርባ ሰዎች አበባ ያያሉ። ሂሮሺጌ ነደፈ፤ ሌላ ባለሙያ ቀረጸ፤ ሌላ አተመ፤ በብዛት ተባዝቶም በርካሽ ዋጋ ለከተማው ሕዝብ ተሸጠ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ ቫን ጎግ የተባለው የኔዘርላንድ ሠዓሊ ፓሪስ ሆኖ ያንኑ ዛፍ በሸራ ላይ በዘይት ቀለም ገለበጠው፤ ዳርና ዳሩንም በጃፓን ፊደል አስጌጠው። ዛሬ ያ ግልባጭ በአምስተርዳም ሙዚየም የክብር ቦታ አለው። «የእንጨት ዛፍ ወደ ሸራ መሻገሩ ነውር አይደለም» አሉ ጋሼ፤ «ነውሩ ሁለተኛ የለውም መባሉ ነው።»

በዚህ ፍርድ ሁለታችንም ተስማምተናል። የተስማማነው ግን በሁለት ምክንያት ነው። ወታደሩ ሐቁ ስለ ተገኘ፣ እናት ደግሞ ሥዕሏ ከግድግዳው ስላልወረደች።

የእኛ አገር ሠዓሊዎች በዚህ ጥበብ ምን ያህል እንደሠሩ ከዚያ በፊት አናውቅም ነበርና ይህንንም ከጋሼ ሰማን። የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ተመሠረተ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ካርል ሃይንዝ ሃንሰን-ባሂያ የተባለ ጀርመናዊ በዚያ የእንጨት ቅርጽ አስተምሯል። በሐምቡርግ እ.ኤ.አ. በ1915 የተወለደ ሲሆን፣ ባሂያ የሚለውን ስም የወሰደው ከኖረበት የብራዚል ግዛት ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው፤ በእንጨት ቅርጽ ከታወቁ በኋላ፣ የቀርከሃ ስንጣሪ ጎን ለጎን እየገጠሙ በላዩ በመሣል ስማቸው በውጭ አገርም ተሰምቷል። ከሐምቡርግ በብራዚል በኩል አዲስ አበባ የደረሰ ጥበብ፣ በጋሼ እጅ ሞያሌ መድረሱ አስገርሞናል።

አሁን ወደ ልጃችን እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ባለጉዳይ እርሷ ናት። ሁላችንም በስንጥቁና በነጠብጣቡ ስንከራከር፣ ልጅቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ጋሼ፣ በምን ይቀረጻል?» አለቻቸው።

ከሱቅ የተጣለ የዕቃ ሣጥን ተፈትቶ ለስላሳ ሳንቃ ተገኘ። ጋሼ ከተሰበረ ጃንጥላ ዘንጉን አወጡ። የጃንጥላ ዘንግ በውስጡ ቦይ ስላለው ጫፉ በድንጋይ ሲሳል ሁነኛ መቅረጫ ይወጣዋል፤ እጀታው ከእንጨት ተበጀለት። ሳንቃውን የሚይዘው እጅ ምንጊዜም ከስለቱ በስተኋላ እንዲሆን አጥብቀው አስጠነቀቋት። እንዲያም ሆኖ አውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ተፋቀ፤ ከእናት ጋር እንደገና ሊያኳርፈን ሲል ቁስሉ ዳነ።

የመጀመሪያ ሥራዋ ከውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ የቆመችው ግራር ነበረች። ልጅቱ የተነገራትን ዘንግታ የሚቀረውን ሳይሆን ቅርንጫፎቹን ራሳቸውን ቆፈረች፤ ሲታተም ጥቁር ሰማይ ውስጥ ነጭ ዛፍ ወጣ። አለቀሰች። ጋሼ «ይህም የታወቀ አሠራር ነው፤ ሌሊት በመብረቅ የታየች ዛፍ ናት» ብለው አስቀመጡላት። ሌላም ነገር አስተዋልን። የውኃው ግራር ወደ ቀኝ ነው የምታዘመው፤ በወረቀቱ ላይ ግን ወደ ግራ ሄደች። እናት ያኔ ቀና ብላ ሸራውን አየችና፣ «ታዲያ የዚህችም እናት ወደ ቀኝ ያዘመመች ኖራለች» አለች። ቀራጩ ከዛፉ ፊት ቁጭ ብሎ በቀጥታ በሳንቃው ላይ ነድፏት ከሆነ ነገሩ እንዳለችው ነው።

ስለ ቀለሙ ለባለትዳሮች የሚጠቅም ነገር አለ። አባት በቸርነቱ የቡት ቀለም አቅርቦ ነበር፤ ተዝረከረከ። የማኅተም ቀለምም ተሞከረ፤ ቀጥኖ በወረቀቱ ውስጥ ሰረገ። በመጨረሻ ጋሼ የጥንቱን ዘዴ አሳዩን። ከኩራዝ ነበልባል በላይ ሳህን ተይዞ ጥላሸት ይሰበሰባል፤ ከቀለም ሻጭ በተገዛ የተቀቀለ የተልባ ዘይት እስኪወፍር ድረስ ይታሻል። በጨርቅ ቋጠሮ ሳንቃው ላይ መታ መታ እየተደረገ ይቀባል፤ ወረቀት ይነጠፍበታል፤ ጀርባው በማንኪያ ሆድ ቀስ እየተባለ ይታሻል። በቃ፤ ሌላ መሣሪያ የለውም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ ከራሱ ሙቀት የተነሣ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር። ሰፈር ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛውን ሳንቃ ልጅቱ ለብቻዋ ጀመረችው። ምን እንደምትሠራ አልነገረችንም። ማታ ማታ ግን እናቷን ስለዚያ ስለ ተቆረጠው ዝግባ ትጠይቃት ጀመር። ስንት ቅርንጫፍ ነበረው? ከመስኮቱ በየት በኩል? ቅጠሉ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? እርሷ ስንለቅ ገና አንቀልባ ላይ ነበረች፤ ዛፉን አታውቀውም። እናትም ዛፉን የምታውቀው በወገቧ ቁመት ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያየችው ጉቶውን ነው። በመካከል ያለውን ቁመት ከሁለታቸው ማንም አላየውም። ልጅቱ እርሱን ቀረጸችው። ሙሉ ሰው የሚያህል፣ ቀጥ ያለ ዝግባ፤ በአጠገቡ ሳፋ ተቀምጧል፤ ከመሬት በታች ደግሞ የዛፉን ግማሽ የሚያህል ሥር ወርዷል። ሥሩን ለመቅረጽ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት፤ መስመሮቹ ቀጫጭን ናቸውና። አንደኛው ሥር በመሮ ስሕተት ተቆርጧል። ጋሼ እንድታስተካክለው ሲጠይቋት «እንደዚያው ይሁን» አለች።

የመጀመሪያው ቅጂ ከሳንቃው ላይ ሲላጥ ከሁለታችን ወታደሩ በአጠገቡ ነበር። ምንም ሳይናገር ወጥቶ ሄደ። በማግሥቱ ደመወዝ ስለ ነበር ጫማ ይዞ ተመለሰ፤ እናት ግን ማግሥቱ ደመወዝ ባይሆንም ይገዛው ነበር ባይ ናት።

ሸራዋ ግራር አሁንም በቦታዋ አለች። ለእንግዳ ስናሳያት ከየት እንደመጣችና ምን እንደሆነች ሳንሸሽግ እንናገራለን። የጎረቤታችን ትልቋም አለች፤ ለእነርሱ ስለ ነጠብጣቡ አልነገርናቸውም ነበር፤ ይህን ሲያነቡ ይቅር እንዲሉን እንለምናለን። የዝውውር ወሬ ከሰሞኑ እንደገና ይናፈሳል። ትእዛዙ ከመጣ የዝግባው ሳንቃ ከሣጥኑ በታች፣ በነጠላ ተጠቅልሎ እንዲሄድ ከወዲሁ ተወስኗል። የሸራዋ ጉዳይ ገና አልተወሰነም።

ከዝግባው ሰባት ቅጂ ታትሟል። ልጅቱ በእያንዳንዱ ሥር በእርሳስ ቁጥር ጽፋ ፈርማለች። አንደኛው የጋሼ ነው፤ ሁለተኛው የእናት ነው። ስድስተኛውን ለዚህ አምድ አዘጋጅ ከጽሑፉ ጋር ልከነዋል። የተልባ ዘይት ቶሎ አይደርቅምና ፊቱን ባዶ ወረቀት አልብሰንበታል፤ ሲከፈት በዝግታ ይሁን።